ከሰሜን ሸዋ ደጋ ወደ አዋሽ በረሃ፦ የዱር እንስሳትን ሳያስሮጡ የማየት መመሪያ

ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥቶ ወደ አዋሽ ቆላ የሚሄድ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ 1800 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሳላ የተባለው ባለ ረጅም ቀንድ የዱር እንስሳ የሚሰማራበት የኢላላ ሳላ ሜዳ ግን 1000 ሜትር ግድም ነው። ለሰሜን ሸዋ ሰው የዱር እንስሳ እንግዳ አይደለም፤ የመንዝ ጓሳ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የቤቱ ያህል ናቸው። ጓሳ ላይ የተለመደው አካሄድ ግን ቆላ ላይ አይሠራም። ጭላዳ ቀኑን ሙሉ ሣር እየነጨ ሜዳ ላይ ይውላል፤ ረፋድም ይሂዱ ከሰዓት በኋላ ያገኙታል። በረሃ ላይ እንስሳው የት እንደሚውልና መቼ እንደሚንቀሳቀስ የሚወስነው ውሃና ጥላ ነው። መኪና እያባረረ ያስሮጠው መንጋ በሩጫው ያጠፋውን ውሃ የሚተካበት ቦታ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ሊሆን ይችላል፤ እምቦሳ ያላት እናት ደግሞ ከሁሉም በላይ ትጎዳለች። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ፣ ከጎማ ነፋስ እስከ መነሻ ሰዓት፣ እንስሳውን በቦታው ረግቶ ለማየት እንዲያመች የታሰበ ነው።

የት ይሄዳሉ?

ለሰሜን ሸዋ የሚቀርቡ ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በመተሐራና በአዋሽ ሰባት ኪሎ መካከል ይገኛል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው አስፋልት መሐሉን ሰንጥቆት ያልፋል። ከአስፋልቱ በስተደቡብ የኢላላ ሳላ ሜዳ፣ የአዋሽ ፏፏቴና ገደሉ አሉ። በስተሰሜን ያሉት የፈንታሌ ተራራና ፍልውሃው ናቸው። ሁለተኛው ከአዋሽ አርባ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ በስተምሥራቅ የተዘረጋው የሃላይደጌ ሜዳ ነው፤ አለደጊ ብለው የሚጠሩትም አሉ። ወደ አሰቦት ገዳም የተሳለመ ሰው ተራራው ላይ ሆኖ ቁልቁል ያየው ሰፊ ሜዳ ይኸው ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ከፓርኩ ቢጀምር ይሻላል። በር አለው፣ ስካውት (የፓርኩ ጥበቃና መንገድ መሪ) ይመደባል፣ የመኪና መንገዱ ይታወቃል፣ ችግር ቢፈጠር አስፋልቱ ቅርብ ነው። ሃላይደጌ የሚሄዱት በዋናነት ለአንድ እንስሳ ነው፦ ለግሬቪ የሜዳ አህያ። ሜዳው ምልክት የለውም፣ ርቀቱ ዓይን ያታልላል፣ መኪና ቢበላሽ የሚደርስልዎት ሰው ላይኖር ይችላል። በአንድ መኪና ብቻ ወደ ሃላይደጌ መግባትን አንደግፍም።

መቼ?

ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ ከሁሉም ይመረጣል። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀኑ ይቻላል፣ ውሃ ከሜዳው እየጠፋ ስለሚሄድ እንስሳቱ ወደ ታወቁት ምንጮችና ወደ ወንዙ ይጠጋሉ። ጥቅምት አየሩ ደስ ቢልም ክረምት ያበቀለው ሣር ረጅም ነው፤ ሳላ ከነቀንዱ ይታይ ይሆናል እንጂ እንሹ (ትንሿ ሚዳቋ መሰል እንስሳ) እና የቀበሮ ግልገል ከሣሩ በታች ይቀራሉ። ከመጋቢት እስከ ሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ38 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ልጆችንና አዛውንቶችን ይዞ መሄጃ ጊዜ አይደለም። ከሐምሌ እስከ መስከረም የሜዳው ጥቁር አፈር ይጨቀያል፤ ባለ አራት ጎማ ነጂ መኪናም ይይዛል።

ጥሩው ወቅት ከጾመ ነቢያት ጋር ይገጥማል። ጾሙ ኅዳር 15 ስለሚገባ ምግቡን አስቀድመው በዚያው ልክ ያስቡ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይጠጣ የሚቆይ ሰው ቆላ ላይ ጠዋት ተጉዞ፣ ቀትርም ደርቆ መዋል የለበትም። ወይ የማታውን ጉብኝት ብቻ ይያዝ፣ ወይ ጉዞውን ከገና በኋላ ያድርግ።

ሦስት ቀን ከሁለት ሌሊት ይመድቡ። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚሞክሩ አሉ፤ ሰባት ሰዓት ላይ ደርሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመለሳሉ፣ ያን ጊዜ እንስሳው ሁሉ ጥላ ሥር ተኝቷል፣ ባዶ ሜዳ አይተው «ምንም የለም» ብለው ያወራሉ።

መንገዱ

የታወቀው መንገድ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በአዳማ በኩል መተሐራ ነው፤ በጠቅላላው ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከደብረ ብርሃን የተነሣ ከቀትር በኋላ ይደርሳል። የምንጃር ሰዎች ከአረርቲ በሞጆ አዳማ ይገባሉ፤ የሸዋ ሮቢትና የአጣዬ ተጓዦች የጣርማ በርን ዳገት ወጥተው ደብረ ብርሃን ላይ ይገናኛሉ።

ሌላው ከደብረ ብርሃን አንኮበር፣ ከአንኮበር በአልዩ አምባ ወርዶ በዱለቻ ወደ አዋሽ አርባ የሚወጣው ነው። የጥንት የሐረር ነጋዴዎች ግመል የሚያራግፉበት አልዩ አምባ በዚሁ ላይ ነው። ርቀቱ በጣም ያጥራል፤ ደጋው በግማሽ ቀን ወደ ቆላ ሲለወጥ በዓይን ይታያል። ነገር ግን ቁልቁለቱ ከባድ ነው፣ ወንዝ ሲሞላ የሚዘጋ ክፍል አለ፣ መንገድ ላይ ነዳጅም ጋራዥም አይጠበቅም። በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ በዋዜማው ሁለት ሰው ይጠይቁ፦ ከዚያ በዚያው ቀን የመጣ ሾፌርና የወረዳ አስተዳደሩን። የጸጥታው ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለያይ ያለፈው ወር መረጃ አይበቃም። «ተረጋግቷል» የሚል መልስ ብቻ ይዘው አይነሡ፤ ዛሬ ጠዋት የሕዝብ ማመላለሻ አልፏል ወይ ብለው ይጠይቁ።

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ መሬት ሰንጥቆ ብዙ ሕዝብ አፈናቅሏል። ስለዚህ ከአስፋልቱ በስተሰሜን ወዳለው ክፍል፣ በተለይ ወደ ፈንታሌ ጫፍና ወደ ፍልውሃ፣ ከመውጣትዎ በፊት የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ በሩ ላይ ያረጋግጡ። ከመሬት ስንጥቅ እንፋሎት ሲወጣ ካዩ አይጠጉ፤ የስንጥቁ ከንፈር ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል።

መኪናው

በበጋ ወደ ፏፏቴው በሚወስደው ዋና ፒስታ (አስፋልት ያልሆነ ጥርጊያ መንገድ) ሚኒባስም ይገባል። ለኢላላ ሳላ ውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ለፍልውሃና ለሃላይደጌ ግን ከመሬት ከፍ ያለ፣ ባለ አራት ጎማ ነጂ መኪና ያስፈልጋል። ተከራይተው የሚሄዱ ከሆነ ከመኪናው ይልቅ ሾፌሩን ይምረጡ። በዝግታ መንዳት የማይችል፣ «እስኪ ላስነሣልዎት» ብሎ መንጋ ውስጥ የሚገባ ሾፌር ጉዞውን ያበላሸዋል። ክፍያውን ሲነጋገሩ ይህን አብረው ይጨርሱ።

ጎማ ላይ የደጋ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቁልቁል ሲወርዱ የውጭው አየር እየከበደ ስለሚሄድ በዚያ ብቻ የመለኪያው ንባብ ወደ 2.5 ፒ.ኤስ.አይ. (የጎማ ነፋስ መለኪያ) ይቀንሳል፤ ሙቀቱና ጉዞው ደግሞ መልሰው ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ የተለካው ቁጥር አዋሽ ላይ አይታመንም። ጎማው በቀዘቀዘበት ንጋት እዚያው እንደገና ይለኩት። በጋለ ጎማ ላይ «ነፋሱ በዝቷል» ብሎ ማስተንፈስ አደገኛ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይጎድላል፣ የጎደለ ጎማ አስፋልት ላይ ግሎ ይፈነዳል።

አንድ ስኮርታ ጎማ አይበቃም፤ ሁለት ይያዙ። የግራር እሾህና በአፋር ሜዳ እንደ አረም የተስፋፋው የፕሮሶፒስ ዛፍ እሾህ የጎማ ጠላቶች ናቸው። እሾህ የወጋው ጎማ ወዲያው ላይተነፍስ ይችላል፤ እሾሁ ቀዳዳውን እንደደፈነ ቆይቶ ሌሊት ያድራል፣ ጠዋት ተቀምጦ ያገኙታል። ማታ ሲቆሙ አራቱንም ጎማ በባትሪ ብርሃን ዞረው ይመልከቱ። ክሪክ ከነሰፊ ጣውላው (አሸዋ ላይ ክሪክ ብቻውን ይሰምጣል)፣ በመኪና ባትሪ የሚሠራ የጎማ መንፊያ፣ የቀዳዳ መድፈኛ፣ ትርፍ ቺንጋ፣ አካፋና የመጎተቻ ገመድ ይጫኑ።

ራዲያተሩ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይዘው አይውረዱ፤ ከኩላንት ጋር ይደባለቅ። ከክረምት በኋላ የሣር ዘር የራዲያተሩን ፊት እንደ ወንፊት ላይ ዱቄት ይደፍነዋል፤ የሙቀት ጠቋሚው ከፍ ሲል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እሱ ነው። ሞተሩን አጥፍተው ከውስጥ ወደ ውጭ በብሩሽ ያራግፉት። ደረቅ ሣር ላይ መኪና ማቆምም አይገባም፤ የጋለ የጭስ ማውጫ ሜዳውን በእሳት ሊያስነሣው ይችላል።

በአንኮበር በኩል ከወረዱ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይውረዱ፤ ዳገቱን ለመውጣት የሚያስፈልገው ማርሽ ለመውረድም ያው ነው። እግር ፍሬን ላይ ረግጦ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያግለዋል፣ የጋለ ፍሬን ይስታል። የተቃጠለ ሽታ ከሸተተ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ማቀዝቀዝ ነው፤ ውሃ አይደፉበት፣ ብረቱ ይሰነጠቃል። ሲመለሱ ደግሞ ጥጥር ተደርጎ የተሞላ የነዳጅ ወይም የዘይት ጀሪካን ዳገቱ ላይ ይነፋል፤ ሲቀዱ ከላይ ጥቂት ጣት ያህል ክፍት ይተዉ። በወረዱ ጊዜ የተጨማደደ የውሃ ፕላስቲክ ግን ምንም አልሆነም፣ የውጭው አየር ጨፍልቆት ነው።

ውሃ፣ ምግብ፣ ልብስ

ለመጠጥ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር፣ ለመታጠቢያና ለማብሰያ 2 ሊትር፣ ለመኪናው በጠቅላላው 10 ሊትር ይያዙ። አራት ሰው ለሦስት ቀን 94 ሊትር ይሆናል፤ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ሁሉንም በአንድ በርሜል አይጫኑ፣ አንዱ ቢቀደድ ሌላው ይተርፋል። የአዋሽን ወንዝና የበሰቃን ሐይቅ ውሃ ለመጠጥ አያስቡት፤ በሰቃ ጨዋማ ነው፣ ወንዙም ሳይጣራ አይጠጣም።

ወጥ በሙቀት ቶሎ ይበላሻል። በመጀመሪያው ቀን ካልተበላ አይቆይም፤ በተለይ የሥጋ ወጥና ሽሮ በታሸገ ዕቃ ውስጥ በግማሽ ቀን ይኮመጥጣሉ። የሚያዋጣው ድርቆሽ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ ነው፤ ለማይጾም ቋንጣና ጭኮ ይጨመራሉ። በሶ በውሃ ተበጥብጦ ትንሽ ጨው ሲጨመርበት በላብ የወጣውን ይተካል። ሙዝና ብርቱካን ቢይዙ መስኮት ዘግተው ይብሉ፤ ጦጣና ዝንጀሮ በቀላሉ ይለምዳሉ። አንድ ጊዜ ከሰው እጅ የበላ ዝንጀሮ በሚቀጥለው ጊዜ ይነጥቃል፣ ይነክሳልም፤ መጨረሻው መገደል ነው። ፍርፋሪ እንኳ አይጣልላቸው።

ልብስ የአፈር ቀለም ይሁን። ነጭ ነጠላ በነፋስ ሲውለበለብ ከሩቅ ይታያል፣ እንስሳው ከመኪናው ይልቅ እሱን ይፈራል። ጋቢዎን ግን አይተዉት፤ በታኅሣሥና በጥር የቆላው ሌሊት ይበርዳል፣ ንጋት ላይ መስኮት ከፍቶ ለመሄድም ያስፈልጋል። ሙሉ እጅጌ፣ ባርኔጣ፣ ሶሉ ወፍራም ጫማ ይልበሱ። የግራር እሾህ ቀጭን ጫማ በቀላሉ ይበሳል። 8 በ42 የተጻፈበት የርቀት መነጽር ከማንኛውም ካሜራ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ከዚያ በላይ የሚያጎላው እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉን ያዘልለዋል።

በሩ ላይ

መታወቂያ ይያዙ፣ ክፍያውን ከፍለው ደረሰኝ ይቀበሉ፣ ስካውት ይጠይቁ። ብዙ ቡድን ስካውቱን ከኋላ ወንበር ጥግ ያስቀምጠዋል። ከሾፌሩ ጎን፣ መስኮቱ ተከፍቶ ነው መቀመጥ ያለበት፤ ዓይኑ ከሁላችሁም ዓይን ይቀድማል። ከመንቀሳቀስዎ በፊት አሁን ውሃ ያለው የት እንደሆነ፣ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ፣ ከብት የተሰማራው በየት በኩል እንደሆነ፣ ትናንት ማታ ምን እንደታየ ይጠይቁት። በእነዚህ መልሶች የቀኑ መስመር ይወጣል። ከብት ባለበት ሳላ ራቅ ይላል፤ ውሃ ባለበት ደግሞ ሁሉም ተራ ይዞ ይመጣል። ድሮን ያለ ፈቃድ ማስነሣት ያስቀጣል፤ እንስሳውንም ስለሚያስበረግግ ቤት ይቅር።

ሜዳው ላይ

ሁለት መልካም ጊዜ አለ፦ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ጀንበር መጥለቂያ። ከ4 ሰዓት በኋላ መሬቱ ስለሚግል አየሩ ይርገበገባል፤ የሩቅ ፎቶ ሁሉ የደበዘዘ ይወጣል፣ ካሜራው ምንም ያህል ውድ ቢሆን አያድነውም። ማታም እዚህ ቶሎ ይጨልማል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በሃያ ደቂቃ ውስጥ መንገዱ አይታይም፣ ስለዚህ 12 ሰዓት ሳይሞላ ወደ ማደሪያ ይዙሩ። ጠዋት ፀሐይ ከጀርባዎ እንድትሆን ወደ ምዕራብ እያዩ የሚሄዱበትን መስመር ይምረጡ፣ ማታ በተቃራኒው።

ፍጥነት በሰዓት ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ይሁን። በየጥቂት መቶ ሜትሩ ቆመው ሞተር ያጥፉ። መጀመሪያ ቅርቡን፣ ቀጥሎ መካከለኛውን፣ በመጨረሻ ዳሩን ይቃኙ። ሙሉ እንስሳ አይፈልጉ፤ የሚወዛወዝ ጆሮ፣ የሚጠራርግ ጅራት፣ ቀጥ ባለው የግንድ መስመር መካከል አግድም የተጋደመ ጀርባ ነው የሚታየው። የእያንዳንዱን ግራር ጥላ ይመልከቱ።

መንጋ ሲያገኙ ፊት ለፊት አይንዱበት። መንገዱ ላይ እያሉ አለፍ የሚሉ መስለው በሰያፍ ይቅረቡ። አንዱ እንስሳ ራሱን ቀና አድርጎ ካያችሁ ወዲያው ይቁሙ፤ ሞተር አጥፍቶ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ነው። ራሱን መልሶ መጋጥ ከጀመረ ተቀብሏችኋል። ፊቱን አዙሮ መራመድ ከጀመረ ግን ርቀቱ አልፏል፣ ተጨማሪ አንድ ሜትር አይግፉ። ለሳላ ከ100 እስከ 150 ሜትር ብዙ ጊዜ ይበቃል። በመንጋና በውሃ መካከል፣ በእናትና በልጅ መካከል መኪና ፈጽሞ አይቁም። ከመንገድ ወጥቶ ሜዳ ላይ መንዳት የተከለከለው ሣሩ ስለሚሞት ብቻ አይደለም፤ በመሬት ላይ የሚፈለፈሉ ወፎች እንቁላል እዚያው ሣር ውስጥ ነው ያለው።

የሚያዩትን ማወቅ

ሳላ ግራጫ ገላ፣ ጥቁርና ነጭ የተከፈለ ፊት፣ ቀጥ ያለ ረጅም ቀንድ አለው፤ ሴቷም ወንዱም ባለ ቀንድ ናቸው። ከጎን ሲታይ ሁለቱ ቀንድ አንድ ሊመስል ይችላል። ጤዛ ያለበትን ሣር በማለዳ እየጋጠ ውሃ ሳይጠጣ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ሲጠማው ላብ ከማፍሰስ ይልቅ የሰውነቱ ሙቀት ከፍ እንዲል ይተወዋል። ይህ ብልሃት ግን ቆሞ ለሚውል እንጂ ለሚሯሯጥ አይሠራም።

የሶመሪንግ የሜዳ ፍየል በሰፊው ነጭ መቀመጫውና ጫፉ ወደ ውስጥ በታጠፈ ቀንዱ ይለያል። አምበራይሌ ሜዳ ላይ አይገኝም፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው የሚፈለገው። ጎኑ ላይ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች፣ ጉሮሮው ላይ ሁለት ነጭ ምልክቶች አሉት፤ የተጠማዘዘ ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው። ከአጋዘን የሚለየው በመጠን ማነስና በመስመሮቹ ብዛት ነው። እንሹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይኖራሉ፤ አንዱን ካዩ ሌላዋን በሃያ እርምጃ ውስጥ ይፈልጉ። ከርከሮ ሲሮጥ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ይሰቅላል።

ዝንጀሮ ላይ ትንሽ ይቆዩ። አዋሽ ሁለት የዝንጀሮ ዓይነት የሚገናኝበትና የሚዳቀልበት ቦታ ነው፤ ተመራማሪዎች ለአሥርተ ዓመታት የተመላለሱበት ምክንያት ይኸው ነው። አንደኛው የደጋ ሰው የሚያውቀው ቡናማው ዝንጀሮ ነው። ሌላው ወንዱ ብርማ ጎፈርና ሮዝ ፊት ያለው ቆቤ ነው፤ ሌሊት ገደል ላይ ያድራል፣ ጠዋት በትንንሽ ቤተሰብ ተከፋፍሎ ይወርዳል። ገደሉ ዳር ጎፈሩ መካከለኛ፣ ፊቱ ጠቆር ያለ ወንድ ካዩ ዲቃላ ሊሆን ይችላል።

በፓርኩ ከ450 በላይ የወፍ ዓይነት ተመዝግቧል። ሜዳው ላይ በእርጋታ የምትራመደዋን ግዙፏን ቆሪ በስታርድ ይፈልጉ፤ አንዳንድ ጊዜ ቀይ ንብ በል ወፍ ጀርባዋ ላይ ተቀምጣ፣ ከእግሯ ሥር የሚነሡትን ነፍሳት ትለቅማለች። አንበሳና አቦ ሸማኔ አሉ፣ ግን ቀን እምብዛም አይታዩም። አንበሳ ለማየት ብቻ የሚወርድ ሰው ቢቀርበት ይሻላል።

ሃላይደጌ

የግሬቪ የሜዳ አህያ ከተለመደው የሜዳ አህያ በቀጫጭን መስመሩ፣ በነጭ ሆዱና በትላልቅ ክብ ጆሮዎቹ ይለያል። በዓለም ላይ የቀረው ጥቂት ሺህ ብቻ ሲሆን አብዛኛው በኬንያ ነው። ወንዱ ውሃ ሳያገኝ ቀናት ሊቆይ ይችላል፤ የምታጠባ እናት ግን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ መጠጣት አለባት። ውሃ ዳር መኪና አቁሞ ግማሽ ቀን የሚጠብቅ ጎብኚ እሷን ነው የሚያስጠማት። ከውሃው ቢያንስ 300 ሜትር ርቀው፣ ከሚመጡበት አቅጣጫ ጎን ቆመው ይጠብቁ። አንድ መንጋ ቀርቦ ከተመለሰ ቦታውን ለቀው ይሂዱ።

ሜዳው የአፋርና የኢሳ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬት ነው፤ በግጦሽና በውሃ የሚነሣ ግጭት ስላለ ያለ አካባቢው ስካውትና ያለ ወረዳው ዕውቅና አይገቡም። መንገድ ላይ አርብቶ አደር ሲያገኙ ቆመው ሰላምታ ይስጡ። አፋር ሲገናኝ ዳጉ ተቀምጦ የመንገዱን፣ የዝናቡን፣ የሰላሙን ወሬ ይለዋወጣል፤ በአስተርጓሚ ጥቂት ደቂቃ ቢቀመጡ ከማንኛውም ካርታ የተሻለ መረጃ ያገኛሉ። ሳያስፈቅዱ ሰውም ግመልም ፎቶ አያንሡ። ከብት ውሃ እየጠጣ ከሆነ ተራው የከብቱ ነው።

መኪናውን ጭቃ ወይም አሸዋ ሲይዘው

ጎማው መሽከርከር ሲጀምር ነዳጅ መስጠት ያቁሙ፤ እየቆፈረ ይሰምጣል። የጎማውን ነፋስ ወደ 18 ፒ.ኤስ.አይ. ያውርዱ፣ ከአራቱም ጎማ ፊት አፈሩን ይጥረጉ፣ ምንጣፍ ያንጥፉ፣ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብለው ይውጡ። ጠንካራ መሬት ላይ ሲደርሱ ወዲያው መልሰው ይንፉ። ካልወጣ መኪናውን ትቶ በእግር መሄድ አይሞከር፤ ጥላ መሥርቶ መጠበቅ ነው። ሲነሡ የመመለሻ ሰዓትዎን ለበረኛው የሚነግሩት ለዚህ ነው።

ፏፏቴውና ፍልውሃው

ቀትሩን የሚያሳልፉት እዚህ ነው። ፏፏቴው አጠገብ ያለው ድንጋይ ያንሸራትታል፣ ከሥሩ አዞ አለ፤ ዋና አይታሰብም። ፍልውሃው በዘምባባ የተከበበ፣ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። ከደጋ የሚመጣ ሰው ለመድኃኒት ብሎ ረጅም ሰዓት ይዘፈዘፋል፤ በቆላ ሙቀት ላይ ይህ ራስን ያስታል። አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ነፍሰ ጡርና የደም ግፊት ያለበት ሰው እግሩን ብቻ ያስገባ። ሙቀቱን መጀመሪያ በክርን ይፈትኑ። ቀዝቀዝ ያሉት ኩሬዎች አዞ ስለሚኖርባቸው የትኛው እንደሚገባበት ስካውቱ ሳያሳይዎት አይግቡ።

አዳር

ድንኳን ከወንዙ ዳር አይትከሉ። ጉማሬ ማታ ወጥቶ ሣር ሊግጥ የሚሄድበት የረገጠው መንገድ አለው፤ በዚያ ላይ የተተከለ ድንኳን አደጋ ነው። ጫማና የቆዳ ዕቃ ውጭ ካደረ ጅብ ይወስደዋል። ጠዋት ጫማዎን ሳያራግፉ አይልበሱ፣ ጊንጥ ይገባበታል። እንጨት ከበሩ ውጭ ገዝተው ይምጡ፤ የደረቀ ግንድም ቢሆን የእንሽላሊትና የወፍ ቤት ነው። ሌሊት አስፋልት ላይ አይንዱ፤ የጅቡቲ ከባድ መኪኖችና ግመል በአንድ መንገድ ላይ ናቸው።

ጤና

የደጋ ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ አንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ እርስዎ ያለዎት ሦስት ቀን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን በእግር ብዙ አይሂዱ። ጥማት እስኪመጣ አይጠብቁ፤ ሽንት ከጠቆረ ዘግይተዋል። ራስ ምታት፣ የጡንቻ መሸማቀቅና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ጥላ፣ ዕረፍትና ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ነው። ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥብጡ። የሚቀባዥር፣ ቆዳው የሚያቃጥል ሰው ግን በአደጋ ላይ ነው፦ ልብሱን አውልቀው፣ ውሃ እያፈሰሱና እያራገቡ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

እባብ የነደፈውን ሰው አያንቀሳቅሱት፤ አይብጡት፣ በገመድ አይሰሩት፣ አይምጠጡት። የተነደፈውን እግር እንደ ስብራት አስተካክለው ደግፈው ሐኪም ዘንድ ያድርሱት።

አዋሽ ወባ አለበት፤ ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ደግሞ የመቋቋም አቅም የለውም። ከመሄድዎ በፊት ስለ መከላከያ ክኒን ሐኪም ያማክሩ፣ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ይያዙ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ሙሉ እጅጌ ይልበሱ፣ የሚቀባ የትንኝ መከላከያም ይጠቀሙ። ወባ ከተነደፉ በኋላ ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ አንዳንዱም ወራት ቆይቶ ይነሣል። ቤትዎ ገብተው ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለዎት ጉንፋን ነው ብለው አይተኙ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄደው አዋሽ ደርሰው እንደመጡ ይናገሩ፣ የደም ምርመራም ይጠይቁ። ደጋ ላይ ያለ ባለሙያ ካልነገሩት ወባን ላያስብ ይችላል።